ግሸን ላይ ስንት ሰው ነበር?

መስከረም 21 ባለፈ ማግሥት ወሎ ውስጥ የማይቀር ክርክር አለ፤ “ዘንድሮ ግሸን ስንት ሰው ወጣ?” የሚል። አንዱ ሚሊዮን ይላል። ሌላው “ተው እንጂ፣ ግማሹን በለው” ይላል። “ኧረ ካምናው በጣም ያነሰ ነው” የሚልም አይጠፋም፤ ሲጣራ ግን ወይ አምና አልሄደም፣ ወይ ዘንድሮ አልሄደም። እኛ አራት ጓደኛሞች ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ስታትስቲክስ ስለሆነ በዚህ ክርክር ላይ እንደ ዳኛ እንጠራለን። “እናንተ ቁጥር አይደል የተማራችሁት? በሉ ፍረዱን!”

ፍርዱ ቀላል አይደለም። እኛ የተማርነው ትምህርት የሚጀምረው “የሚከተለው ዳታ ተሰጥቷል” ከሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ማን እንደሰጠው፣ ለምን እንደሰበሰበው፣ ከየትኛው ተራራ እንዳወረደው አይነገርም። ዳታው እንደ መና ከሰማይ ይወርዳል፣ የተማሪው ሥራ ፎርሙላ መምረጥ ነው። ግሸን ላይ ግን ማንም ምንም አልሰጠም። ተራራው አለ፣ ሕዝቡ አለ፣ ጥያቄው አለ። አለቀ።

የሚገርመው ግን ግሸን ለቆጠራ የተመቸ ቦታ መሆኑ ነው። አምባው የመስቀል ቅርጽ ያለው ሜዳ ነው፤ ዙሪያው ገደል ስለሆነ ሰው እንደ ከተማ አደባባይ ከአሥር አቅጣጫ አይፈስበትም። የድሮዎቹ ነገሥታት ዙፋን ይመኙብናል ያሏቸውን ልዑላን እዚያ ላይ ያኖሩት፣ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ፣ መግቢያውን መጠበቅ ቀላል ስለነበረ ነው። ጠባቂ የሚቆምበት በር ቆጣሪም ያቆማል። በየግማሽ ሰዓቱ ለአምስት ደቂቃ የሚገባውንና የሚወጣውን መቁጠር፣ ከዚያ ማባዛት። ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኸርበርት ጃኮብስ የሚባል የበርክሌይ የጋዜጠኝነት መምህር፣ ተማሪዎች ሰልፍ ሲወጡ ከቢሮው መስኮት እያየ አንድ ዘዴ አወጣ። አደባባዩን በአራት ማዕዘን ከፋፈለው፣ በጥቂቶቹ ውስጥ ያለውን ሰው ቆጠረ፣ በጠቅላላው ስፋት አባዛው። ላላ ባለ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው አንድ ሜትር ካሬ ገደማ ይይዛል፤ እጅግ በተጨናነቀ ቦታ ደግሞ ከግማሽ ሜትር ካሬ ያነሰ። ስለዚህ “ሚሊዮን ሰው ነበር” ለሚል ወዳጅ የመጀመሪያው ጥያቄ “የት ቆሞ?” የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ “በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ሳምንቱን ሙሉ የወጣና የወረደው ተደምሮ?” የሚል።

ይህን ግን ስታትስቲክስ የተማረ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ሕዝቡ የሚበዛው በዋዜማው ሌሊት ይሁን በቅዳሴው ሰዓት፣ ቀደም ብሎ መጥቶ ድንኳን ተክሎ የሚከርመው ስንት እጅ እንደሆነ፣ ተሳልሞ ያንኑ ዕለት የሚወርደው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቁት ካህናቱና የአካባቢው ሰዎች ናቸው። እነሱ ተራራውን ያውቃሉ፣ እኛ ናሙና መውሰድ እናውቃለን። አንዳችን ያለ አንዳችን ወሬ ብቻ ነን።

“ለበረከት የሄደን ሰው ምን ያስቆጥራል?” ያሉን አንድ አባት ነበሩ። እውነታቸውን ነው፣ ለበረከቱ አይጠቅምም። ለመጸዳጃ ቤቱ ግን ይጠቅማል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ ኮሌራ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተዛምቷል። ብዙ ሕዝብ ለሚሰበሰብበት ቦታ ስንት ቦቴ ውኃ፣ ስንት መጸዳጃ፣ ስንት ከረጢት ግሉኮስ መዘጋጀት እንዳለበት የሚታወቀው በቁጥር ነው። ይህን ስንነግራቸው ትንሽ አሰቡና “እንዲህ ከሆነማ ቁጠሩ እንጂ ልጆቼ!” አሉን።

ለነገሩ አማራ ክልል ያደገ ሰው ቁጥር ቀልድ አለመሆኑን ለመረዳት ግሸን መውጣት አያስፈልገውም። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት ሲወጣ የክልሉ ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ነው ተባለ፤ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ያነሰ። ነገሩ ፓርላማ ድረስ ደርሶ አከራክሯል። ስለዚህ ክርክር እኛን የሚያሳስበን አንድ ነገር ነው፤ ያን ቁጥር ይዞ ሕዝቡ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ጥያቄ ተቀብሎ፣ በሚገባ ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። አስረጂ የሌለው ቁጥር ጠብ ይሆናል። ቀጣዩ ቆጠራም እየተላለፈ እየተላለፈ ይኸው ሳይካሄድ ቀርቷል።

ታዲያ ተራራውን የሚያውቀውንና ናሙና የሚያውቀውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማገናኘትን ሥራዬ ብሎ የያዘ አለ? አለ። ሊሳ ይባላል። ስሙ የሴት ልጅ ቢመስልም አሜሪካ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረ የስታትስቲክስ ትብብር ላቦራቶሪ ምህጻረ ቃል ነው። (ላቦራቶሪ ሲባል ነጭ ጋውንና የመስታወት ቱቦ እንዳይመስላችሁ። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ኮምፒውተርና የሚያዳምጥ ሰው ነው።) የላቡ መሪ ኤሪክ ቫንስ እ.ኤ.አ. በ2012 “ሊሳ 2020” የሚል ዕቅድ ጀመረ፤ እስከ 2020 ድረስ በታዳጊ አገሮች 20 እንዲህ ዓይነት ላቦችን ማቋቋም። እሱ ወደ ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ዕቅዱም አብሮት ሄደ። ከመጀመሪያዎቹ ላቦች አንዱ የተከፈተው ናይጄሪያ፣ ኢሌ-ኢፌ ከተማ፣ ኦባፌሚ አዎሎዎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሆን የከፈተውም ቨርጂኒያ ቴክ ሄዶ አሠራሩን ያየው ናይጄሪያዊ፣ ኦላዋሌ አዌ ነው። ከዚያ ጋና፣ ታንዛኒያ፣ ፓኪስታን፣ ብራዚል እያለ ሃያው ሞላ፣ አለፈም።

የእያንዳንዱ ላብ ግዴታ ሦስት ነው። ስታትስቲክስ የሚማሩ ልጆችን ከሌላ ሙያ ሰው ጋር መሥራት ማሠልጠን፣ ለተመራማሪውና ለውሳኔ ሰጪው ጥያቄ አብሮ መልስ መፈለግ፣ ለሰፊው ሰው አጫጭር ኮርስ መስጠት። ላቡ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ የኔትወርኩ አይደለም። ኔትወርኩ የሚሰጠው ምክር፣ ሥልጠናና ወንድም እህት ነው።

እኛን የሳበን ግን መዋቅሩ ሳይሆን ስብሰባ አከፋፈታቸው ነው። ባለጥያቄው ሲመጣ “ዳታህን አምጣ” አይሉትም። መጀመሪያ “ዛሬ ስንት ደቂቃ አለን?” ብለው ይጠይቁታል። ቀጥሎ “ከዚህ ስብሰባ ምን ይዘህ ብትወጣ ደስ ይልሃል?”። ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የሚገቡት፤ ሲጨርሱም ማን ምን ሠርቶ እንደሚመጣ ተነጋግረው ይለያያሉ። ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና ታዩታላችሁ። ደርዘን ስብሰባ ተቀምጠን ምን ፈልገን እንደተቀመጥን ሳናውቅ የተነሣን ሕዝብ እኮ ነን!

ምክንያቱም የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል ሒሳብ ሳይሆን ትርጉም ነው። ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ግሸን ባለችበት በአምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣልያን በኩል ማድረግ ይችላሉ የሚል ነበር። በጣልያንኛው ግዴታ ሆነ። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ሐሳብ፤ መጨረሻውም ዓድዋ። የእኛ ሙያ ደግሞ “ሲግኒፊካንት” የምትባል የራሱ 17ኛ አንቀጽ አለችው። ስታትስቲክስ የተማረው ሲናገራት “ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም” ማለቱ ነው። ሰሚው ግን “ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ጠቃሚ ነው” ብሎ ይሰማል።

አንድ የእርሻ ተመራማሪ የጤፍ ሙከራ ውጤት ይዘውልን መጥተው ነበር። “ሲግኒፊካንት ነው፣ ሪፖርቱን አሳምሩልኝ” አሉን። “ዶክተር፣ ገበሬው አዲሱን ዘር ገዝቶ እንዳይቆጨው በሄክታር ስንት ኪሎ መጨመር አለበት?” ብለን ጠየቅናቸው። ወረቀት አወጡ፣ የዘሩን ዋጋ ጻፉ፣ የማዳበሪያውን ጻፉ፣ ደመሩ። ከዚያ ሙከራው ያሳየውን ጭማሪ አዩና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ጭማሪው እውነት ነበር፤ ለገበሬው ግን ወጪውን አይሸፍንም። ያ ዝምታ ለእኛ የላቡ ትልቁ ሥራ ነበር። ሪፖርቱን እንደገና ጻፉት፣ ስማቸው ይባረክ።

ይህ የሆነው ክፍል ለምነን ከጀመርን በኋላ ነው። ከመካከላችን አንዱ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር በእሱ በኩል ገብተን፣ ጥግ ላይ ያለች፣ የተሰበረ ወንበር የሚቀመጥባት ክፍል ተሰጠችን። እንደ ሊሳ እንሠራለን ብለን ነው፤ ማንም ማመልከቻ አላስሞላንም። የመጀመሪያውን ወር የሚመጣው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ፍላሽ እየዘረጋ “ነገ ዲፌንስ አለኝ፣ ፒ-ቫሉዋን ብቻ አውጡልኝ” ይላል። ኤስፒኤስኤስ የሚጫንበት ሱቅ መስለናቸዋል። ሥልጠና ስንጠራ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ “አበል አለው?” ነው። አበል ባለበት ቀን አዳራሹ አይበቃም፣ ሻይ በሌለበት ቀን ሁለት ሰው፤ ከሁለቱ አንዱ ዝናብ ሊያሳልፍ የገባ። (የወሎ ሰው ግን ሻይም ባይኖር “አብሽሩ” ማለቱ አይቀርም። እሷም ትልቅ ነገር ናት።)

እዚህ ላይ ነው “አስተዳደር” የሚባለው ደረቅ ቃል ነፍስ የዘራው። ክፍሏ ስትሞላ ማን ይቅደም? የዲኑ እንግዳ ወይስ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠችው የማስተርስ ተማሪ? ሦስት ወር አብረን የሠራነው ጽሑፍ ሲታተም ስማችን ይግባ ወይስ “እናመሰግናለን” ይበቃል? ዳታው ሥራው ካለቀ በኋላ ማን ጋ ይቀመጥ? አንዱ የሚፈልገው ውጤት አልወጣ ሲል “ትንሽ አስተካክሉት” ቢለን ማን ነው እምቢ የሚለው፣ እምቢ ስንል ከኋላችን ማን ይቆማል? እነዚህን አንድ ገጽ ላይ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍናቸው። የመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ ግን ወረቀት አይበቃትም። ያኔ ነው የኔትወርክ ጥቅም የገባን። ብቻውን ያለ ወጣት መምህር አለቃውን እምቢ ማለት ይከብደዋል። “ይህን ብናደርግ ኢሌ-ኢፌ ያሉት፣ ኩማሲ ያሉት ምን ይሉናል?” የሚልበት ማኅበር ካለው ግን ትንሽ አንገቱን ቀና ያደርጋል።

ማኅበሩን ራሱን ማን ያስተዳድረው የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ እኛ ስንከራከርበት ሐይቅ እስጢፋኖስን እንጠቅሳለን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ ላይ ደቀ መዛሙርት ሰበሰቡ፣ አስተማሩ። ከእነሱ አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ሸዋ ሄደው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። ደብረ ሊባኖስ የሐይቅ ቅርንጫፍ ቢሮ አልሆነም። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት አይልክም ነበር። የራሱ አበምኔት፣ የራሱ መሬት፣ የራሱ ጸብ ሁሉ ነበረው፤ ዘሩን ግን አይረሳም። ኦላዋሌ አዌ ከቨርጂኒያ ተመልሶ ኢሌ-ኢፌ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። መረብ በእንዲህ ዓይነት ዝምድና ሲያያዝ አንድ ቋጠሮ ቢፈታ ሌላው ይቀራል።

በገንዘብ ብቻ ሲያያዝስ? እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለሊሳ 2020 ገንዘብ ከሰጡት አንዱ ዩኤስኤይድ ነው። ዩኤስኤይድ ደግሞ በ2025 ጥር ላይ ታገደ፣ ሐምሌ ላይ በይፋ ተዘጋ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ በብዙ አገሮች የቤተሰብ ጤና ጥናት ሲያካሂድ የኖረው የዲኤችኤስ ፕሮግራም እንዲቆም ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 በአገራችን የተካሄዱት ጥናቶች የዚህ ፕሮግራም አካል ነበሩ። የእናቶችን ሞት፣ የሕፃናትን መቀንጨር በክልል ከፋፍለን ስናወራ የምንጠቅሰው ቁጥር ከዚያ ነው። አንድ ሰው ሩቅ አገር ፈርሞ ገመዱን ሲቆርጠው የሌላ አገር ሕፃናት ቁጥር ጨለማ ውስጥ ይገባል። ለጋሹን ለመውቀስ አይደለም፣ የራሱ ገንዘብ ነው። የሚያስቆጨው ገመዱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው።

መረብ ሳይዘረጋላቸው የቆሙ ቤቶችም ስላሉ ተስፋ አንቆርጥም። የቡታጅራው የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፣ በ10 ቀበሌዎች፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ እያሉ ቤት ለቤት በመመዝገብ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የዳባት ጣቢያ ደግሞ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎችን ያስተሳሰረው ኢንዴፕዝ የሚባለው ዓለም አቀፍ መረብ የተመሠረተው በ1998 ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም አክራ ነበር፣ ጋና። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። መጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ መረቡ። ዛሬ ዛሬ ብዙ ጊዜ የምናየው ተገላቢጦሹን ነው፤ መጀመሪያ ሎጎ፣ ቀጥሎ ምረቃ፣ ክፍሏን ማን እንደሚጠርጋት በመጨረሻ ይታሰባል።

መረብ አንድ ሌላ ነገርም ሊያደርግልን ይችል ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ ወድሟል። ኮምፒውተር ይገዛል። በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ የነበረ የአሥር ዓመት መዝገብ ግን አይገዛም። አባቶቻችን መጽሐፍ ሲቀዱ አንዱን ቅጂ ሌላ ገዳም ያኖሩ የነበረው ይህን ያውቁ ስለነበር ይመስለናል። የላቦች ኔትወርክ ደንብ የመጻፍ ዕድል ቢሰጠን አንደኛው አንቀጽ ስለ ስብሰባና ስለ ሊቀመንበር አይሆንም፤ “እያንዳንዱ ላብ የእህቱን ላብ ዳታ ግልባጭ፣ በባለቤቱ ፈቃድና በምስጢር፣ ያስቀምጣል” የሚል ይሆናል። ግልባጭ የማይሰጡ አሉ፣ እናውቃለን። ዳታቸውን እንደ ድሮው የግሸን ልዑላን አምባ ላይ አውጥተው በር የሚጠብቁበት። እዚያው ያረጃል።

ክፍላችን እስካሁን አለች። ትልቁ ያደረግነው የአስተዳደር ለውጥ የሥራ ሰዓት መቀየር ነው ብንላችሁ ትስቁብናላችሁ። ከአንድ ጤና ጣቢያ የምትመጣ ሲስተር ነበረች። እርጉዞች አንድ ጊዜ ለምርመራ መጥተው ለምን እንደማይመለሱ ማወቅ ትፈልጋለች፤ በእጇ የተጻፈ የሦስት ዓመት መዝገብ አላት። እኛ ግን የምንከፍተው በሥራ ሰዓት ነበር፣ እሷም በሥራ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። በእሷ ምክንያት ቅዳሜ ከሰዓት መክፈት ጀመርን፤ ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሰው ተለየ። አስተማሪ፣ የወረዳ ባለሙያ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ፣ አንድ ጊዜም የእድር ጸሐፊ። ፒ-ቫሉ የጠየቀን የለም። ሁሉም ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው።

የሲስተርን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ከጀመርን ሁለት ወር ሆነን። አብዛኛው ገብቷል። ጳጉሜን ላይ የመጡት እናቶች ግን ውጭ ናቸው፤ ሶፍትዌሩ “13ኛ ወር የለም” እያለ ቀኑን ይመልስብናል። መላ የሚያውቅ ካለ ብለን ሌላ አገር ለሚሠራ የሙያ ወዳጅ ጻፍንለት። ወዲያው መለሰ፣ ሰውዬው ጨዋ ነው። “ጳጉሜን ምንድን ነው?” አለን።